የጉልበት ማስታገሻ፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ጉዳት፦ ከሰሜን ሸዋ የተመዘገበ አንድ ጉዳይ

መነሻ

ከዚህ በታች የቀረበው በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚኖሩ የአንዲት እናት ጉዳይ ነው። ያሠቃያቸው የነበረው በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የጉልበት ሕመም ነው፤ የወሰዷቸው መድኃኒቶችም በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኙ፣ አብዛኛው ሰው ሳይፈራ የሚውጣቸው ናቸው። ጉዳዩ መመዝገብ አለበት ያልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጤና ጣቢያው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ልጃቸው፣ ጎረቤታቸውና ራሳቸው ታካሚዋ የወሰኗቸው፣ ለየብቻቸው ሲታዩ ክፋት የሌለባቸው ውሳኔዎች በወራት ውስጥ ተደራርበው ሰውን ከሞት አፋፍ ሲያደርሱ በግልጽ የታየበት አጋጣሚ ነው። እኔ ጉዳዩን የተከታተልኩት በሆስፒታሉ ፋርማሲስትነቴ ከሕክምና ቡድኑ ጋር ነው። የታካሚዋ ስም፣ ቀበሌያቸውና የታከሙባቸው ተቋማት አልተጠቀሱም፤ ታሪኩ ለትምህርት እንዲውል ግን እሳቸውም ልጆቻቸውም ፈቅደዋል።

ታካሚዋና አኗኗራቸው

እኚህ እናት ዕድሜያቸው ስድሳዎቹን ያጋመሰ፣ ከጣርማበር ወደ መንዝ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ከወንድ ልጃቸውና ከምራታቸው ጋር የሚኖሩ ናቸው። የበግ ጠጉር እየፈተሉ ለባና ሠሪዎች ያቀርባሉ። ሥራው በዝቅተኛ ዱካ ላይ ጉልበትን አጥፎ ለረጅም ሰዓት መቀመጥን የሚጠይቅ ነው፤ የመንዝ ብርድ ደግሞ ጠዋትና ማታ ይጨመርበታል። ጉልበታቸውን ማመም ከጀመራቸው ብዙ ዓመት ሆኗል። ሲነሡ ይይዛቸዋል፤ ጥቂት ሲንቀሳቀሱ ይላላል፤ ዳገቱን ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ ደግሞ ያብጥባቸዋል። በምርመራ የተገኘውም በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ለስላሳ አጥንት በዕድሜና በጫና ብዛት የሚሳሳበት የተለመደው ሕመም ነው።

ከዚህ ሌላ የደም ግፊት አለባቸው። በአቅራቢያቸው ባለው ጤና ጣቢያ ክትትል እያደረጉ ኢናላፕሪል ይወስዱ ነበር። ለረጅም ጊዜ በዚህ አንድ መድኃኒት ግፊታቸው ተስተካክሎ ከቆየ በኋላ፣ ሆስፒታል ከመምጣታቸው ከጥቂት ወራት በፊት ግን አልወርድ አለ። ስለዚህ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው የሚያሸና መድኃኒት ተጨመረላቸው። የግፊት መድኃኒት አልሠራ ሲል ሁለተኛ መጨመር በሕክምና አሠራር የተለመደና ትክክለኛ እርምጃ ነው። በእኚህ እናት ላይ ግን ግፊቱ እንዲወጣ ያደረገው ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር።

የተከሰተው ችግር

ታካሚዋ ወደ ሆስፒታል የመጡት በዓቢይ ጾም፣ ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ሌሊት ለቅዳሴ ሊነሡ ሲሉ ዓይናቸው ጨልሞባቸው ወድቀዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሰገራቸው መጥቆር ጀምሮ ነበር፤ ሽንታቸውም ቀንሷል። ቤተሰቡ ድካሙን ከጾሙ ቆጥሮት ስለነበር ፋሲካን እንጠብቅ የሚል ሐሳብ እንኳ ተነሥቶ እንደነበር ልጃቸው ነግሮናል።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ፊታቸውና የዓይናቸው ውስጠኛ ክፍል ነጥቶ፣ የልብ ምታቸው ፈጥኖ፣ ለወትሮው ከፍ የሚለው የደም ግፊታቸው 90/60 ወርዶ ነበር። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢናቸው በእጅጉ ወርዶ 6.8 ሆኖ ተገኘ። የኩላሊትን አሠራር የሚያመለክተው ክሬአቲኒን፣ በሴቶች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.1 የማይበልጠው፣ 3.1 ደርሷል፤ ፖታሲየማቸውም ከልኩ አልፏል። የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ስለሚጠቁር ሐኪሙ ስለዚያ አስቀድሞ ጠየቃቸው። የብረት ኪኒን አልወሰዱም፤ የሰገራው ዓይነትም እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ሽታው የተለየ ነበር። ይህ ደም ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሲፈስ የሚታይ ምልክት ነው።

ስለ መድኃኒት አወሳሰዳቸው ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ይህ ነበር። «እማማ፣ ከግፊቱ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» «የለም ልጄ፣ የግፊቷን ብቻ ነው።» ይህን ያሉት ሊደብቁን ፈልገው አልነበረም፤ ለጉልበታቸው ራሳቸው የሚገዙትን ኪኒን ሐኪም ከሚያዝላቸው መድኃኒት ጋር ቆጥረውት አያውቁም። ስለዚህ ልጃቸው ወደ ቤት ተመልሶ ኪኒን የሚመስል ነገር ሁሉ፣ ከትራስ ሥርም ቢሆን፣ ሳይመርጥ እንዲያመጣ ተነገረው።

ልጃቸው ያገኘውን ሁሉ የከተተበት ፌስታል በማግሥቱ ጠዋት መጣ። ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፍ መጀመሪያ የወጣው በመቀስ የተቆራረጠ የኪኒን ልጥፍ ነው። የመድኃኒቱ ስምና የሚያበቃበት ቀን የታተመበት ጫፍ ተቆርጦ ለሌላ ሰው ስለተሸጠ በእሳቸው እጅ የቀረው ክፍል ጀርባው ላይ የሚነበብ ሙሉ ቃል አልነበረውም። ከሦስቱ ቁራጮች የተረፉትን ፊደላት ገጣጥመን ዲክሎፌናክ 50 ሚሊግራም መሆኑን አወቅን። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለች ሴት ልጃቸው የላከችላቸው፣ በፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ነው። ሦስተኛው በወረቀት የተጠቀለለ ኢንዶሜታሲን ሲሆን ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ጎረቤት ያካፈሏቸው ነው። ከፌስታሉ ያልወጣ አራተኛም ነበር፤ ሕመሙ ሲበረታባቸው በገበያ ቀን ወደ ከተማ ወርደው የዲክሎፌናክ መርፌ ይወጉ እንደነበር በመጨረሻ ተናገሩ። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ፣ ኪኒኑ ጨጓራቸውን ሲያቃጥላቸው መርፌው ጨጓራ አይነካም ብሎ ሰው መክሯቸው እንደሆነ ገለጹ።

አወሳሰዳቸው በጾሙ ተለውጦ ነበር። ከጾሙ በፊት ኪኒኖቹን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ከፋፍለው ይወስዱ ነበር። ጾሙ ሲገባ ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ውኃም ስለማይቀምሱ፣ የጠዋቱንና የቀትሩን በአንድነት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዋጥ ጀመሩ። የሚያሸናውን ኪኒን ግን ማታ ከመተኛታቸው በፊት መውሰዳቸውን አላቋረጡም።

እነዚህ መድኃኒቶች እንዴት ይሠራሉ?

በፌስታሉ የነበሩት ሦስቱ ማስታገሻዎችና መርፌው የተለያየ ስም፣ ቀለምና ቅርጽ ቢኖራቸውም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ቤተሰቡ አስፕሪንን፣ አይቡፕሮፌንን፣ ዲክሎፌናክን፣ ኢንዶሜታሲንን፣ ናፕሮክሲንን፣ ሜሎክሲካምንና ሌሎችንም ያቅፋል። ፓራሲታሞል በሥራውም በጉዳቱም ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ነው።

ሰውነት ሲጎዳ ወይም መገጣጠሚያ ሲቆጣ፣ በሕዋሳት ዙሪያ ካለው ስብ አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር ይለቀቃል። ሳይክሎኦክሲጅኔዝ፣ በአጭሩ ኮክስ የሚባለው ኤንዛይም ይህን ንጥረ ነገር ለውጦ ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ኬሚካሎች እንዲፈጠሩ ያደርጋል። ፕሮስታግላንዲኖች በተጎዳው ቦታ የደም ሥሮችን ያሰፋሉ፤ እብጠቱና ሙቀቱ በዚህ ይመጣል። የሕመም ነርቮችንም ያነቃሉ፤ ስለዚህ በወትሮው የማያም እንቅስቃሴ ያማል። ማስታገሻዎቹ ኮክስን አግደው የፕሮስታግላንዲኖቹን መጠን ይቀንሳሉ፤ ሕመሙ፣ እብጠቱና ትኩሳቱ የሚረግበው ለዚህ ነው። አስፕሪን በዚህ መንገድ እንደሚሠራ ያሳየው እንግሊዛዊው ጆን ቬን ሲሆን ግኝቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በ1982 ከስዊድናውያኑ ሱኔ በርግስትሮምና ቤንግት ሳሙኤልሶን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ችግሩ ፕሮስታግላንዲን የሕመም ምንጭ ብቻ አለመሆኑ ላይ ነው። በጨጓራ ውስጥ ግድግዳውን ከአሲድ የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋን እንዲመረትና ወደ ግድግዳው የሚሄደው ደም እንዳይቀንስ የሚያደርገው ይኸው ኬሚካል ነው። መድኃኒቱ በደም ተዘዋውሮ በጨጓራ ውስጥ ያለውንም ኮክስ ስለሚያግደው ሽፋኑ ይሳሳል፤ አሲዱ ግድግዳውን ያስቆጣዋል፤ ይቆስላል፤ ቁስሉ የደም ሥር ሲደርስ ይደማል። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም በሥራቸው ኮክስን ስለሚጠቀሙ ማስታገሻው እነሱንም ያዳክማቸዋል፤ በዚህም የተነሣ የጀመረው መድማት ቶሎ አይቆምም። መርፌም ሆነ በፊንጢጣ የሚገባው ከጨጓራ ጉዳት ነጻ የማይሆነው ጉዳቱ በዋናነት በደም በኩል ስለሚመጣ ነው። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድ ማቃጠሉን ያለዝበዋል፤ ቁስል እንዳይፈጠር ግን ዋስትና አይሆንም።

በኩላሊት ያለው ታሪክ ብዙም አይነገርም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው እሱ ነው እላለሁ። ኩላሊት ደምን የሚያጣራው ደሙ በበቂ ግፊት ወደ ማጣሪያው ሲገባ ነው። ሰውነት ውኃ ሲጎድለው ወደ ማጣሪያው የሚያስገባው ትንሽ የደም ሥር እንዳይጠብ የሚከላከለው ፕሮስታግላንዲን ነው። ማስታገሻው ይህን ኬሚካል ሲያጠፋው የመግቢያው የደም ሥር ይጠባል። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ ደግሞ ደሙ ከማጣሪያው የሚወጣበትን የደም ሥር ያሰፋሉ። በመግቢያው ጠቦ በመውጫው ሲሰፋ ማጣሪያው ውስጥ የሚቀረው ግፊት በጣም ይወርዳል። የሚያሸናው መድኃኒት የሰውነትን ውኃ ሲቀንሰው ነገሩ ይከፋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊት በድንገት ሥራ ሊያቆም እንደሚችል በሕክምናው ዓለም በሚገባ የታወቀ ነው። በእኚህ እናት ላይ ሦስቱም ነበሩ፤ በዚያ ላይ ከማታ እስከ ማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ያልቀመሰ ሰውነት ነበር።

አንድ የቀረ አለ። እነዚህ ማስታገሻዎች ሰውነት ጨውና ውኃ እንዲይዝ በማድረግ የደም ግፊትን ይጨምራሉ፤ የኢናላፕሪልንና የሚያሸኑ መድኃኒቶችንም ኃይል ያዳክማሉ። የታካሚዋ ግፊት አልወርድ ያለበትን ጊዜ ከልጃቸው ጋር መልሰን ስናሰላው ከአዲስ አበባ አይቡፕሮፌን መላክ ከጀመረበት ወቅት ጋር ገጠመ። ማስታገሻው ግፊቱን አወጣው፤ ግፊቱን ለማውረድ የሚያሸናው ተጨመረ፤ የተጨመረው ደግሞ ከማስታገሻውና ከኢናላፕሪሉ ጋር ሆኖ ኩላሊቱን ጎዳው። የጉዳዩ እንብርት ይህ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያው ቀን የሕክምና ቡድኑ ኢናላፕሪሉንና የሚያሸናውን ለጊዜው አቆመ፤ በደም ሥር ፈሳሽ ሰጠ፤ ከደም ባንክ ደም አስመጥቶ ሰጣቸው፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትም በደም ሥር ተጀመረ። ፌስታሉ ሲመጣ ማስታገሻዎቹ በሙሉ እንዲቆሙ ተደረገ። ሰገራቸው ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ወትሮው መልክ ተመለሰ፤ ሽንታቸውም ጨመረ። በሰገራ ምርመራ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባቸው። ባክቴሪያው በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው፤ ከማስታገሻ ጋር ሲገናኝ የቁስልን አደጋ ከየብቻቸው በላይ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ከኦሜፕራዞል ጋር ለ14 ቀን ታዘዘላቸው። በኋላ አዲስ አበባ ሄደው በተደረገላቸው፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን በሚያሳየው ኢንዶስኮፒ፣ በመዳን ላይ ያለ የጨጓራ ቁስል ታይቷል።

ከሆስፒታል ሲወጡ ክሬአቲኒናቸው በግማሽ ወርዶ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ በተደረገው ምርመራ 1.1 ሆነ። ለግፊታቸው አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ብቻ ታዘዘ። አምሎዲፒን ማስታገሻ ቢወሰድ እንኳ ኃይሉ ብዙም የማይቀንስ፣ በኩላሊት ማጣሪያ ላይም እንደ ኢናላፕሪል ዓይነት ሥራ የሌለው ስለሆነ ለእሳቸው ተመራጭ ሆነ። ሁለት መድኃኒት ያላወረደው ግፊት ማስታገሻው ከቆመ በኋላ በአንድ መድኃኒት ከ140/90 በታች ሆኖ ቆየ።

ያልሠራው

የደሙና የኩላሊቱ ሕክምና ከተጠበቀው በላይ ተሳክቷል። አስቸጋሪው ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጉልበታቸው አሁንም ያማቸው ነበርና።

ከሆስፒታል ሲወጡ ዳግመኛ መውሰድ የሌለባቸው የመድኃኒት ስሞች አንድ በአንድ ተነገሯቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ፌስታሉን ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸው ስለነበር ይዘው መጡ፤ በውስጡ ሜሎክሲካም ነበር። ስንጠይቃቸው «ይቺማ ሌላ ናት ልጄ፣ ስሟም ከዚያ ጋር አንድ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የተነገራቸው የስም ዝርዝር ነበር፤ በዝርዝሩ ውስጥ ሜሎክሲካም አልነበረም። የወሰዱት ለጥቂት ቀን ብቻ ስለነበር ጉዳት አልደረሰም። ከዚህ የተረዳነው ማንበብ ለማይችል፣ በአሥር ስም የሚሸጥ መድኃኒት ለሚገዛ ሰው የስም ዝርዝር ጥበቃ እንደማይሆነው ነው።

ፓራሲታሞልም መጀመሪያ በታዘዘበት መንገድ አልሠራም። ሲያምዎት ይውሰዱ ተብለው ስለነበር ሕመሙ እስኪበረታ ታግሠው አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን ይውጡና ምንም አላደረገችልኝም ይሉ ነበር። ሳይሸፋፍኑ መናገር የሚገባ ነገር አለ፤ ፓራሲታሞል ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለው ኃይል መጠነኛ ነው፤ እንደ ዲክሎፌናክ ያስታግሳል ብሎ ለታካሚ ተስፋ መስጠት እምነት ያሳጣል። ታካሚው ያን ተስፋ ይዞ ሄዶ ሳያገኘው ሲቀር ወደ መድኃኒት ቤቱ ይመለሳል።

ሦስተኛው ያልሠራ ነገር ቤተሰቡ በራሱ የወሰነው ነው። ልጆቻቸው ደንግጠው እናታቸውን ከእንግዲህ አይጾሙም ብለው ከለከሏቸው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ ሰው ናቸው፤ ቃሉ ከበዳቸው፤ አዘኑም። ምራታቸው እንደነገረችን ከሆነ በፊታቸው የቀረበውን ቁርስ ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው በድብቅ መጾም ጀመሩ። እንዲህ ያለው ድብቅ ጾም ከግልጹ ይልቅ ያሰጋል፤ ሰውየው መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ ውኃ ይጠጣ አይጠጣ ሐኪምም ቤተሰብም አያውቅም።

የሠራው

የጾሙን ነገር የፈቱት የነፍስ አባታቸው ናቸው። ልጃቸው ሄዶ ሁኔታውን ሲያስረዳቸው የታመመ ሰው መድኃኒቱን በውኃ ቢወስድ ጾሙን እንዳላፈረሰ፣ ሰውነቱን መጠበቅም ግዴታው እንደሆነ በራሳቸው አንደበት ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ በመጣው የፍልሰታ ጾም ጠዋት የግፊት መድኃኒታቸውን በውኃ እየወሰዱ፣ በቀን ውስጥም ውኃ እየጠጡ፣ ከጾም ምግብ ሳይወጡ ጾሙን ፈጸሙ። እንዲህ ያለውን ምክር ከነጭ ጋዋን ይልቅ ከነፍስ አባት መስማት የበለጠ እንደሚያሳምን በዚህ ጉዳይ አይተናል፤ ሐኪሙና ካህኑ ቢነጋገሩ ታካሚው ይጠቀማል።

በስም ዝርዝሩ ፋንታ ትንሽ ካርድ ተዘጋጀላቸው። ካርዱ የሚናገረው ለሻጩ ነው፦ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸው እናት መሆናቸውን፣ አይቡፕሮፌንን፣ ዲክሎፌናክንና የዚህን ቤተሰብ ማንኛውንም መድኃኒት በኪኒንም በመርፌም እንዳይሰጧቸው፣ ፓራሲታሞል ግን እንደሚቻል ይገልጻል። እሳቸው ማንበብ አይጠበቅባቸውም፤ መድኃኒት ቤት ሲገቡ ከመቀነታቸው አውጥተው ያሳያሉ። ካርዱን ያየ አንድ የገበያ ከተማ ሻጭ በእጁ የያዘውን ኪኒን ወደ መደርደሪያው እንደመለሰው ልጃቸው ነግሮናል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት ስትዞር ፌስታሉን እያስከፈተች ታያለች።

ለጉልበቱ ሕመም የተደረገው አንድ ነገር አይደለም፤ ለውጥ የመጣውም ተደማምሮ ነው። ፓራሲታሞሉ ሲያም ብቻ መሆኑ ቀርቶ አንድ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ በሰዓቱ እንዲወሰድ ተደረገ፤ ይህ ለአዋቂ ከተፈቀደው የ4 ግራም የቀን ጣሪያ በታች ነው። የዲክሎፌናክ ቅባት በጉልበታቸው ላይ ይቀባሉ፤ ከቅባቱ ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሐኪሙ ኩላሊታቸው ካገገመ በኋላ ክሬአቲኒናቸውን እየተከታተለ ፈቀደላቸው። ዱካው በልጃቸው እጅ ከፍ ተደርጎ ተሠራ፤ አሁን ሲፈትሉ ጉልበታቸው እንደ ቀድሞው አይታጠፍም። ጠዋት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ይዘርጉና ወደ አሥር ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ሌላውን። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ዳገት ሲወጡ ምርኩዝ ይይዛሉ። ሕመሙ አልጠፋም፤ እሳቸው ግን ዳገቱን ወጥተው ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ ጠጉራቸውንም ይፈትላሉ።

ለሌላ ታካሚና ለሌላ ቦታ የሚሆን ትምህርት

መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ማስታገሻን አያወጣም። የሚያወጣው ዝርዝር ጥያቄ ነው፦ ለጉልበትዎ ምን ይወስዳሉ? ለወገብዎ፣ ለራስ ምታትዎስ? ሰው የሰጠዎት፣ ከአዲስ አበባ የተላከልዎ ኪኒን አለ? በዚህ ወር መርፌ ተወግተዋል? ከሁሉም የሚሻለው ግን ፌስታሉን ማስመጣት ነው። በተለይ የግፊት ታካሚ መድኃኒቱ አልሠራለት ሲል፣ ሁለተኛው ከመታዘዙ በፊት ይህ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ጉዳይ ተነሥቶ እነዚህ ማስታገሻዎች መርዝ ናቸው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ጨጓራው፣ ኩላሊቱና ልቡ ጤነኛ ለሆነ ሰው ለጥርስ ሕመም፣ ለወር አበባ ቁርጠት ወይም ለወለምታ ለጥቂት ቀን የሚወሰድ አይቡፕሮፌን በእጅጉ ይጠቅማል። መጠኑ ግን ይታወቅ። አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ባለ 400 ሚሊግራሙ በቀን ከሦስት መብለጥ የለበትም፤ ይኸውም 1,200 ሚሊግራም ነው። የዲክሎፌናክ የቀን ጣሪያ 150 ሚሊግራም ሲሆን አንድ መርፌ ብቻውን 75 ሚሊግራም እንደሚይዝ መርፌ የተወጋ ሰው ኪኒኑን ሲቆጥር ማስታወስ አለበት። ከዚህ ቤተሰብ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መውሰድ ሕመምን በማስታገስ ረገድ እምብዛም ትርፍ የለውም፤ ጉዳቱን ግን ይደራርበዋል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ጨጓራው ቆስሎ የሚያውቅ፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊነካቸው አይገባም። ነፍሰ ጡር እናት ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ ልትርቃቸው ይገባል፤ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በልቡ አጠገብ ያለውን የደም መተላለፊያ ያለጊዜው ሊዘጉ ይችላሉ።

የውኃ እጥረት ነገር ከጾም ሌላም ብዙ በር አለው። ተቅማጥና ትውከት የያዘው፣ ወይም ከደጋ ወርዶ በሸዋ ሮቢት ቆላ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የዋለ ሰው በዚያ ቀን ከማስታገሻ ይልቅ ውኃ ያስፈልገዋል። በቆላው ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ ኪኒኑ ትኩሳቱን አብርዶ የወባ ምርመራውን እንዳያዘገየው መጠንቀቅ ተገቢ ነው።

ማስታገሻ እየወሰደ ሰገራው የጠቆረ፣ ቡና ዝቃጭ የመሰለ ያስታወከ፣ ሲነሣ የሚያዞረው፣ ሽንቱ የቀነሰ፣ እግሩ ያበጠ ወይም ደረቱን የጨመቀው ሰው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጾሙ እስኪፈታ ወይም ገበያው እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም።

ለመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች የምለው አንድ ነገር አለኝ። ሰው ሁለት ሦስት ፍሬ ሲገዛ ልጥፉን መቁረጥ የኑሮ ግድ ነው፤ ይህን አልቃወምም። ነገር ግን ሲቆረጥ ስሙና የሚያበቃበት ቀን የታተመበት ጫፍ እስከ መጨረሻው በመድኃኒት ቤቱ እጅ ይቆይ፤ ለገዢው የሚሰጠው ቁራጭ ደግሞ በወረቀት ከረጢት ይግባና የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊግራሙና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ በአማርኛ ይጻፍበት። በእኚህ እናት ፌስታል ውስጥ እንዲህ የተጻፈበት አንድ ከረጢት ቢኖር ኖሮ፣ ለግፊት ክትትል በሄዱበት ቀን የጤና ጣቢያው ነርስ አይታ ልትጠይቃቸው ትችል ነበር።